ሁለት ጊዜ ያልተጠየቀችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ገደል ሥር፣ ከአለት መሀል እየተንፈቀፈቀ የሚወጣ ፍልውሃ ነበር። ያበጠም፣ የቆሰለም፣ ሆዱን የቆረጠውም፣ የደጋው ከላይ የቆላው ከታች እየመጣ እዚያ ይገናኛል። የአገሩ ንጉሥ አንበሳ ከፍልውሃው አጠገብ የሕሙማን ቤት አቋቋመ። ወጣት ሳለ እንዲህ ያለ ሐሳብ ወደ ልቡ ዝር ብሎ አያውቅም፤ ጥርሱ አልቆ አጥንት መቆርጠም ካቃተው ወዲህ ግን ለታመመ ማዘን ጀመረ። ይሁን፤ ዘግይቶ የመጣ ርኅራኄም ርኅራኄ ነው።

በዚያ ቤት ቀን ቀን የምታስታምመው ከደጋ የመጣች አህያ ነበረች። ጭነት ለምዳለችና ሕሙማንን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ውሃው ታወርዳለች፣ ታወጣለች፤ ደከመኝ አትልም። ሲመሽ ተራውን የሚረከባት ከበረሃ የመጣ ግመል ነው። እሱ ደግሞ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ረጅም አንገቱን እያዞረ የሁሉንም ትንፋሽ ያዳምጣል። የመድኃኒቱን ጓዳ፣ ሥሩንና ቅጠሉን፣ በተለይም የማሩን ገንቦ የምትጠብቀው እመት ቀበሮ ነበረች። በሩ ላይ አያ ጅቦ ቆሟል። ሥራው የሞተ ሲኖር አውጥቶ መቅበር ነው። ስንቱን እንደቀበረና የት እንደቀበረ ጠይቆት የሚያውቅ የለም፤ በአካባቢው ግን አንድም መቃብር አይታይም ነበር።

አህያዋም ግመሉም ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ። ይሁንና አይዋደዱም። አህያዋ ግመሉን ልበ ደንዳና ነው ትላለች፤ ግመሉ አህያዋን ነገረኛ ናት ይላል። ነገሩን ከሥሩ ያየው ግን አልነበረም።

በአህያዋ አገር ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንዴት ዋልክ የተባለ ሁሉ፣ እግሩ ተሰብሮም ቢሆን፣ መጀመሪያ ደህና ይላል። ክፉ ወሬ በሰላምታ ላይ አይጫንም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ባለ ሐዘኑ እህል ቀምሶ ነው የሚነገረው። እውነቱን የፈለገ ጠያቂ ጥቂት ቆየት ብሎ፣ እውነት ደህና ነሽ ብሎ ይደግማል፤ ያን ጊዜ ልብ ይከፈታል። ሳይደግም የሄደ ግን የጠየቀው ለወጉ ነው።

በግመሉ አገር ደግሞ ውሃ ሩቅ ነው። ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን፣ ጉድጓዱ ውሃ አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ ነፍስ ነው፤ ጠያቂው እሱን አምኖ ይሄዳል። ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ አንድ ጊዜ ይመለሳል። መልስ የሰጠን ሰው ዳግመኛ መጠየቅ ፊት ለፊት ውሸታም ነህ ማለት ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ቂም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የግመል ቂም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህን አንዱ ለሌላው ነግሮት አያውቅም። ለምን ይነግረዋል? እያንዳንዳቸው ዓለም ሁሉ እንደ እነሱ አገር ይመስላቸው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሚዳቋ ግልገሏን እየደገፈች መጣች። ልጁ ሆዱ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ልጅ የላትም። አህያዋ ተቀበለቻትና እንደ ቤቱ ልማድ ግልገሉን ቀትር ላይ ፍልውሃው ውስጥ ነከረችው። ገና ከመንከሯ ልጁ አንገቱን ጥሎ ክንብል አለባት። ደንግጣ አወጣችው፣ በጆሮዋ እያራገበች ነፍሱን መለሰችለት። ይህ ልጅ ሁለተኛ ወደዚህ ውሃ መግባት የለበትም አለች በልቧ። ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ እንዳልቀመሰም ልብ ብላለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግመሉ መጣ።

«ግልገሉ እንዴት ዋለ?» አላት።

«ደህና ነው፣ ተመስገን» አለች ዓይኗን ወደ መሬት ሰበር አድርጋ።

ይህን ብላ ቆመች። እስኪደግምላት ነው የምትጠብቀው። ጅራቷን ወዲያ ወዲህ አለች፣ የተነጠፈውን ገለባ በሰኮናዋ አስተካከለች፣ እንደገና ቆመች። ግመሉ ደግሞ ምን ታደርጋለች ብሎ አሰበ። ተራዋን ጨርሳለች፣ አትሄድም፤ ሥራዬን በደንብ እንደምሠራ ልትሰልል ነው ብሎ ፊቱን አዞረባት። አህያዋ ልቧ እየከበዳት ወጣች። ካልጠየቀ ራሱ አይቶታል ማለት ነው ብላ ራሷን አጽናናች፤ ትንሽ እልፍ ስትል ደግሞ፣ እሱ እኮ ድሮም ግድ የለውም አለች።

ግመሉ ደህና ነው የተባለውን ግልገል እንደ ማታው ልማድ ወደ ፍልውሃው ወሰደው። ልጁ ከውሃው ጋር ገና ሲገናኝ አንገቱ ዝልፍልፍ አለ። እናቱ ጮኸች። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው አያ ጅቦ ነበር፤ ሊቀብር መጣሁ አለ፣ ይሁን እንጂ መቆፈሪያ አልያዘም። ግመሉ ግልገሉን በከንፈሩ ማጅራቱን ይዞ አወጣው፣ ጅቡንም በኋላ እግሩ ወደ በሩ መለሰው። ልጁ ተነፈሰ፤ ትንፋሹ ግን የክር ያህል ነበር።

በነጋታው አንበሳው ደጃፉ ላይ ባለው ሾላ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ሰበሰበ። ግመሉ የሆነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ደህና ነው ብላኛለች፣ እኔም አመንኳት አለ። አህያዋ ዝም አለች። በንጉሥ ፊት የሥራ ባልደረባን መክሰስ በአገሯ ነውር ነው፤ አልጠየቀኝም ብትል መክሰስ ይሆንባታል። አንበሳው ዝምታዋን እንደ ጥፋት ቆጠረው። ግልገሉ ከሞተ አህያዋ በዚህ በር ትወጣለች፣ ተመልሳም አትገባም ብሎ ፈረደ።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ልቡ ተነካ። መንገዱ ክፉ ነውና እኔ እሸኛታለሁ አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ለወጉ እንኳ ባል አልነበራትም። አንገቷን ደፍታ ከዚያ በር ውጭ ያለውን ገደል አሰበች።

እመት ቀበሮ ያን ጊዜ ወደ ንጉሡ ጠጋ አለች።

«ጌታዬ፣ ደጋና ቆላ አንድ ላይ አይታጨድም። በመሀላቸው አጥር ይታጠር፤ አይተያዩ፣ አይጋጩ። የሚባባሉትን እኔ አመላልሳለሁ። ለጉሮሮዬ ማለስለሻ በየምልልሱ ጥቂት ማር ብልስ ይበቃኛል።»

አንበሳው ደስ አለው። ማሰብ የማይጠይቅ ምክር ንጉሥን ሁልጊዜ ደስ ያሰኘዋል። በዚያው ዕለት የቀኑ ወገን ከማታው ወገን በእሾህ አጥር ተለየ።

ቀበሮ ሥራዋን ጀመረች። አህያዋ በመጀመሪያ ደህና ነው በይው ትላለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ደግሞ ከጠየቀሽ ግን ፍልውሃ እንዳይነካው፣ ውሃም አልጠጣም በይው ብላ አደራ ትላለች። ቀበሮ አጥሩን ዞራ ለግመሉ፣ ደህና ነው ብላለች ትላለች። ግመሉ አይደግምም። ቀበሮም ማሯን ልሳ ትመለስና ሌላ ምንም አልጠየቀም ትላለች። አንድም ውሸት አልተናገረችም፤ የቀበሮ ክፋቷም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ የተግባቡ ዕለት የማሩ መንገድ እንደሚዘጋባት ታውቃለች።

ሚዳቋዋ ከዚያ ወዲህ ማንንም አላመነችም። ልጇን ከውሃው ዳር አርቃ በሰውነቷ ከለለችው። ግልገሉ ግን እየመነመነ ሄደ። የቀን ውሎውን አህያዋ ታውቃለች፣ የማታ አዳሩን ግመሉ ያውቃል፤ ልጁን ሙሉውን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

እንዲህ እያለ አንበሳው አዲሱን አጥር ሊጎበኝ ሲዞር እሾህ መዳፉን ወጋው። አህያዋ በጥርሷ ነቀለችለት፤ ጫፉ ግን ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። እስኪበስል ድረስ ማንም እንዳይጫነው ብላ በቀበሮ ላከች። ከፊቱ ግን፣ እንደ ልማዷ፣ ደህና ነው ብላ ጀምራ ነበር። ቀበሮም ደህና ነው የሚለውን አደረሰች። ደህና የተባለውን መዳፍ ግመሉ በትኩስ ጨው አሽቶ በጠፍር ጥፍር አድርጎ አሰረው።

የአንበሳው ጩኸት ከገደሉ ላይ ድንጋይ አወረደ። እያነከሰ ተነሣ፣ አጥሩን ገነጣጠለው፣ አህያዋንና ግመሉንም አንድ ላይ አስቀረባቸው። ሚዳቋዋ ልጇ አጠገብ ሆና ትሰማለች።

አንበሳው አህያዋን፣ ግልገሉንም የእኔንም እግር ደህና ያልሽው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አንበሳው ሊያገሳ አፉን ከፈተ፤ እግሩ ጠዘጠዘውና ግሳቱን ዋጠው። ደክሞት ቁጭ አለ። ቆየት ብሎ በዝግታ፣ ለራሱም ሳይታወቀው ደገመላት።

«እውነት ግን፣ ለምን?»

የአህያዋ ጆሮ ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ አሁን ጠየቁኝ። ወንድሜ ግመል ሰላም አለኝ እንጂ አልጠየቀኝም። አንድ ጊዜ ቢደግምልኝ ሁሉንም ልነግረው ቆሜ ስጠብቀው ነበር።»

ግመሉ አንገቱን ወደ ላይ መዘዘ። የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት።

«የሰጠሽኝን ቃል ልድገም? በእኛ አገር እኮ ያ ስድብ ነው። ያልደገምኩት አክብሬሽ ነው።»

«እኔም አክብሬህ ነው» አለች አህያዋ። «ገና ከመምጣትህ ክፉ ወሬ እንዳልጭንብህ ብዬ ነው።»

 ያን ሁሉ ጊዜ ሲቀያየሙበት የኖሩት ነገር መከባበር ሆኖ መገኘቱ አሳፈራቸው፤ ከማፈርም በላይ አሳዘናቸው። ሚዳቋዋ ግን ከልጇ አጠገብ ቀና አለች።

«እናንተ ስትከባበሩ ልጄ አለቀ» አለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ተረት ሁሉም ያውቁት ነበር፤ ግን ሕመምተኛው ሳይሆን አስታማሚው ሲደብቅ ምን እንደሚባል የነገራቸው አልነበረም። አንበሳው ከእንግዲህ ሁላችሁም እንደ አንበሳ አግሱ ብሎ ሊያውጅ ከጅሎት ነበር፤ የመዳፉን ነገር አስታወሰና ተወው። አህያዋ ወጌን ልተው አለች፤ ግመሉም የለም፣ እኔ ልተው አለ። አንበሳው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዳቋን ምክር ጠየቀ።

«ሰላምታችሁን ተዉ አልልም፣ ጌታዬ» አለች። «ሰላም የማይባባሉበት ቤት ያስፈራል። እሱን ግን በሩ ላይ ጨርሱት። ልጄ ራስጌ ስትቆሙ የምትሄደዋ መጀመሪያ የሚያሰጋትን ትናገር። የሚረከባት ደግሞ ልቡ እስኪረካ ይጠይቅ። እዚያ መጠየቅ ስድብ አይሁን።»

አንበሳውም ይሁን አለ። በበሩ ላይ እንደየአገራችሁ፣ በሕመምተኛው ራስጌ ግን እንደዚህ ቤት ብሎ ወሰነ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱ ግልገሉ ራስጌ ቆሙ። ለአህያዋ ቀላል አልነበረም። አፏን ስትከፍት የእናቷ፣ የአያቷ፣ የቅድመ አያቷ ጨዋነት ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፎ ቆመ። ግልገሉን አየችው፤ ከዚያ ተናገረች።

«የሚያሰጋኝ ልቡ ነው። ያን ዕለት ቀትር ላይ ውሃው ውስጥ ክንብል ብሎብኛል። ፍልውሃ አይንካው።»

አሁን ተራው የግመሉ ነበር። መጠየቅ አለበት። እርግጫ እንደሚጠብቅ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሌላስ?» አለ።

እርግጫ አልመጣም። ዓይኑን ሲገልጥ የአህያዋ ፊት በርቶ አየ። ወደዚህ ቤት ከመጣች ጀምሮ ከባልደረቦቿ መሀል ሁለተኛ ጊዜ የጠየቃት አልነበረም። ሆዱ እስካሁን አልቆመም፤ ውሃ ስናቀርብለት ፊቱን ያዞራል፤ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም አለችው።

ግመሉ ይህን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ የግልገሉን የአንገት ቆዳ በከንፈሩ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ እንደ ተጨማደደ ቀረ። ይህን ምልክት የበረሃ ልጅ ሁሉ ከእናቱ ጋር ሲጓዝ ይማረዋል።

«ይህ ልጅ የታመመው ሆዱን ነበር» አለ። «አሁን እየገደለው ያለው ጥም ነው። እኛም በላዩ ላይ በፍልውሃ ላቡን እያፈሰስን የቀረችውን ጠብታ አደረቅንበት።»

ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ጥቂት ጨው፣ ጥቂት ማር ይምጣ አለ። ውሃው መጣ፣ ጨውም መጣ። የማሩ ገንቦ ሲገለበጥ ግን ባዶ ነበር። ሁሉም ወደ እመት ቀበሮ ዞሩ። እሷም ገደሉ ላይ ወዳለው የንቦች ዋሻ የሚወስደውን መንገድ ማንም ሳያሳያት አገኘችው። ማር ይዛ ስትመለስ አፍንጫዋ የሎሚ ያህል አብጦ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ነገር ማመላለስ አልቻለችም።

አህያዋ ተራዋ ቢያልቅም አልሄደችም። እሷ የግልገሉን ራስ በአንገቷ ደገፈች፣ ግመሉ ውሃውን ጠብ ጠብ አደረገለት። ሲተፋው ይታገሳሉ፣ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይሰጡታል። ጎህ ሲቀድ ግልገሉ ሸና። እናቱ ይህን አይታ በደስታ አለቀሰች፤ የታመመ ልጅ ያስታመመ ለምን እንዳለቀሰች ያውቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ በየቀኑ እየጠና ሄደ፣ አንድ ቀንም ዘሎ ገንቦ ሰበረ።

ክረምቱ ሲወጣ አያ ጅቦ ታመመ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኛው ግን ለሕሙማን የተነጠፈውን ቁርበት ሰርቆ በላ። ሆዱ ተነፍቶ እያቃሰተ ተኛ። ቀን ቀን የምታስታምመው ያችው አህያ ሆነች። በየሰዓቱ ውሃ ታጠጣዋለች፣ ሆዱን በአፍንጫዋ ታሸዋለች፤ እሱ ግን ባቃሰተ ቁጥር ዓይኑን ከታፋዋ ላይ አይነቅልም ነበር።

ሲመሽ ግመሉ መጣ። በሩ ላይ ሰላምታው ረዘመ። ደህና ዋልሽ ይላታል፣ ቆየት ብሎም እውነት ደህና ነሽ ብሎ ይደግማል፤ ሳይጨፍን መደገሙን ለምዶታል። ሰላምታውን ጨርሰው ጅቡ ራስጌ ቆሙ።

«የሚያሰጋኝ» አለች አህያዋ፣ «ቁርበቱ ገና አልወጣለትም። ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀምስ። ራበኝ ብሎ ቢለምንህ አትስማው።»

«ሌላስ?»

አህያዋ ጅቡን አየችው። ጅቡ ታፋዋን ያያል።

«ሌላ የሚያሰጋኝ መዳኑ ነው» አለች።

ግመሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እሱን በሩ ላይ እንነጋገርበታለን ብሏት ውሃውን አነሣና ጅቡን ማጠጣት ጀመረ። ጅቡም ዳነ። በዳነ ጊዜ እንዴት ነህ ሲሉት ራበኝ አለ፤ እንዲህ ያለው እውነት ሁለት ጊዜ መጠየቅም አያስፈልገው። አንበሳው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን እንዲጠብቅ ያደረገው ግመሉን ነው፤ አህያዋ ተራዋን ጨርሳ ወደ ማደሪያዋ እስክትገባ ድረስ።

ከዚህ የምንማረው፣ ከተለያየ አገርና ወግ መጥተው አንድ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ሁሉ ወጋቸውን ሳይጥሉ በሕመምተኛው ራስጌ የጋራ ወግ ሊኖራቸው እንደሚገባ፣ ይኸውም የሚሄደው የሚያሰጋውን ሳያፍር አስቀድሞ መናገር፣ የሚረከበውም ሳይፈራ ደግሞ መጠየቅ መሆኑን ነው።